የተሰረዘችው ክፍል

«ኧረ እትዬ፣ ይቺን ክፍል ማን ጨመራት?» አለ ፎርማኑ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ እያመለከተ።

ልብስ ሰፊዋ የዋጋ ዝርዝሩን እንደያዘች ቀና አለች። የአዲሱ ቤቷ የብረት አጽም ተገጥሞ ማለቁ ገና ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ኩሽና። ከኩሽናው ጎን ደግሞ ማንም ያላዘዛት ጠበብ ያለች ክፍል ቆማለች።

«አንተ አይደለህ እንዴ የገጠምከው?»

«እኔማ ቁጥር አይቼ ነው! ይሄ ቀላል ብረት እንደ ድሮው ቤት አይደለም፤ ፋብሪካው ለክቶ፣ ቆርጦ፣ በየብረቱ ላይ ቁጥር ጽፎ ይልከዋል። የእኛ ሥራ አንድን ከሁለት፣ ሁለትን ከሦስት ማያያዝ ነው። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ኋላ ከወረቀቱ ጋር ሳመሳክር ነው ጉዱን ያየሁት።»

ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ከአርባ አንድ እስከ ሃምሳ ስምንት ያሉት ብረቶች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። የሰረዘችውም ራሷ ናት። ያኔ የብረቱ ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ ሲሚንቶውም ተከትሎት፣ እሷ ደግሞ መኪና የሚያስገባ የግቢ በር ካላሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ነበር፤ መኪና ሳይኖራት። ጨርቅ ሲያጥር ከማይታየው ቦታ ነው የሚቀነሰው። እሷም ከማይታየው ቦታ ቀነሰች፤ የእናቷን ክፍል።

«ፋብሪካው ተሳስቶ ልኮ ይሆናላ» አለች።

«ደውዬ ጠየቅኋቸው እኮ! አርባን ቆርጠን ወደ ሃምሳ ዘጠኝ ነው የዘለልነው፣ ያልቆረጥነውን ከየት እናመጣለን ብለው ሊጣሉኝ! ሠራተኞቹንም ጠየቅሁ። ሁሉም ‹እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው የገጠማት› ይላል።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ።

ካልተቆረጠ ጨርቅ እጅጌ አይወጣም። ይሄንን እሷ ታውቃለች፤ ሠላሳ ዓመት እንጀራዋን የበላችበት ሙያ ነው። ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ ክፍሏ ጠጋ አለች፤ ጠጋ ስትል ደግሞ ይብስ ክው አለች።

በፕላኑ ላይ፣ ከመሰረዟ በፊት፣ የእናቷ ክፍል በር በጓሮ በኩል ነበር። መስኮቷም ከፍ ያለች። ይቺኛዋ ግን በሯ በኩሽና በኩል ነው፣ መስኮቷም ከጉልበት አትበልጥም።

እናቷ ወንድሟ ቤት ታማ ተኝታ ሳለ በየቀኑ ትደውል ነበር። «ክፍሌስ?» ትላለች። «እየተሠራች ነው እማዬ።» «በሯ በየት በኩል ነው?» መቼም ውሸት አንዴ ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም። «በኩሽና በኩል አስደረግሁልሽ፣ ጨዋታችንን እየሰማሽ እንድትውይ። መስኮቷንም ዝቅ አስደረግሁት፣ ፀሐይ እግርሽን እንድታሞቅልሽ።» «እሰይ የኔ ልጅ! እግሬንማ በረዶ አድርጎታል። የወለድሽው ይጡርሽ!» ከዚያ ምርቃት በኋላ ሳምንት አልቆየችም። ይኸው ሁለት ወሯ። ያንን ወሬ ከእናትና ልጅ በቀር የሰማ የለም፤ አንዷ መሬት ውስጥ ናት፣ ሌላዋ እዚህ ቆማለች።

ቋ። ቋ። ቋ።

ልብስ ሰፊዋ ዘላ የፎርማኑን ክንድ ያዘች።

«አይዞዎት፣ ብረቱ ነው» አለ። «ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይኮማተራል። ሲኮማተር ደግሞ ይጮኻል።»

ቋ። ቋ። ቋ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ሦስት።

እናቷ ሰው ስትፈልግ ስም አትጠራም ነበር። በምርኩዟ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ትመታለች፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና ሦስት። ሄደው አጠገቧ ካልተቀመጡ በቀር አትተውም።

«እንግዲህ ይወስኑ» አለ ፎርማኑ፣ ከምትጠልቀው ፀሐይ ጨረር ይሁን ከፍርሃት ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ። «ነገ ግድግዳ ልናለብስ ነው። ላፍርሳት? ብረቷ ይሸጣል፣ ለእርስዎ ትርፍ ነው። ትቆይ ካሉ ግን ግድግዳ አለ፣ ጣሪያ አለ፣ በር አለ። ወጪው ቀላል እንዳይመስልዎት፤ የግቢውን በር ዋጋ ትበላለች።»

«ትብላው።»

«እ?»

«በሩን ሽጥልኝ። ግቢው በቆርቆሮ ይዘጋ።»

«ሰው ምን ይላል እትዬ? ይሄን የመሰለ ቤት በቆርቆሮ?»

«የፈለገውን ይበል!» ጮኸች፤ ጩኸቷ እሷኑ አስደነገጣት። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። «ስሰርዛት እኮ አልጠየቀኝም ሰው።»

ቋ። ቋ። ቋ።

«መጣሁ እማዬ» አለችና በኩሽናው በኩል ገባች።

ድምፁ ቆመ። ፎርማኑ ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ደህና እደሩም ሳይል፣ ወደ መንገዱ ወጣ።

ፀሐይዋ ጠልቃለች። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ተቀመጠችና ወለሉን በመዳፏ ዳበሰችው። ሲሚንቶው በረዶ ሆኗል። ከመስኮቷ ሥር፣ ሁለት እግር የምታሳርፍ ቦታ ብቻ ትሞቃለች።