አንካሴ

ትርንጎ በግራ እግሯ ታነክሳለች። ባሏ ጓንጉል ከተጋቡ ጀምሮ የሚጠራት «አንካሴ» እያለ ነው። አንካሴ ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዝ ነው፤ ስሙን የሰጣት ዳገት ሲወጣ የሚደገፈው እሷን ስለሆነ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ከጓሮ «ዲስኤብልድ! ውሃ አቀብይኝ!» ሲል ተሰማ። ካቻምና በወጣው ሕግ ሁሉም ሰው አንገቱ ላይ ማጣሪያ ያስራል፤ ማጣሪያው ነውር ያለውን ቃል ከአፍ ሳይወጣ በጨዋ እንግሊዝኛ ይተካዋል። አንካሴን ከአንካሳ አይለይም። አምና «ሃንዲካፕድ» ነበረች፤ እሱም ነውር ሆነና ተሻረ።

ማጣሪያውን ልታድስ የመጣችው ባለሙያ ፌቨን ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ‹ዲፈረንትሊ ኤብልድ›፣ ማለትም በሌላ መንገድ የሚችሉ፣ ነዎት። ለክብርዎ ነው።»

«ስሙ በተቀየረ ቁጥር እግሬን ተሻለው? ባለፈው የመሥሪያ ቤታችሁን ደረጃ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ነው የወጣሁት። እሱንስ በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ?»

ይህን ሲሰማ ጓንጉል ከጓሮ መጥቶ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

«ጋሼ፣ ይተዉ! ካወለቁት ስልክ አይሠራልዎትም፣ የመንግሥት በር አይከፈትልዎትም። ድምፅዎ ከዚህ ግቢ አያልፍም።»

«እሷስ የት ናት?»

«እዚሁ።»

«እንግዲያው ይበቃኛል።» ማጣሪያውን ፈትቶ ፌቨን መዳፍ ላይ አስቀመጠውና ጉሮሮውን ጠረገ። «አንካሴ!»

«አቤት!» አለች ትርንጎ ሰፈሩ እስኪሰማት። ከዚያም እያነከሰች ሄዳ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ትከሻዋን ሰጠችው።