ልጅ ይዞ ለመጣ ቅናሽ አለ

«በለው! የሰው ልጅ ይዞ ሊያጭበረብር ነው!»

እንዲህ ብሎ የጮኸው ሰው እኔ ነኝ... እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ።

የሆቴሉ ጥበቃ ዱላውን አነሳ። የመጀመሪያው የሰውዬው ትከሻ ላይ አረፈ... ሁለተኛው ግራ አይኑ ላይ።

ሰውዬው የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ስር ወደቀ። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ እግሩን ይዛ ትጮሃለች።

ማንም አልሰማትም።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ለሥራ ወጥቼ ሆቴል አልጋ ለመያዝ ተሰልፌያለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ሰልፉ አይነቃነቅም።

ጠረጴዛው ላይ በትልቁ ተለጥፏል... «ልጅ ይዘው ለሚመጡ እንግዶች ሠላሳ በመቶ ቅናሽ።»

ይቺ ማስታወቂያ ሁሌም ደሜን ታፈላዋለች።

ልጁ ኮሪደር ላይ የሚሮጥበት፣ ብርጭቆ የሚሰብርበት ሰው ቅናሽ ያገኛል። እኔ ወንደላጤው ድምፄን አጥፍቼ አድሬ፣ አልጋዬን አንጥፌ የምወጣው ሙሉውን እከፍላለሁ።

«አለማግባት ቅጣት አለው እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተም ውለዳ!»

ይባስ ተናደድኩ።

የሰውዬው ተራ ደረሰ። ከፊቴ ነው የቆመው። ሸሚዙ ተጨማዷል፣ እጅጌው ላይ የደረቀ ደም አለ፣ ልጅቷን በአንድ እጁ ይዟታል። ልጅቷ አንድ እግሯ ባዶ ነው።

«ልጅዎት ናት?» አለችው እንግዳ ተቀባይዋ።

«አይ እህቴ፣ ልጄ አይደለችም...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የቀረውን አልሰማሁም። መስማትም አልፈለግሁም።

ዘው ብዬ ገባሁበት። «ልጁ ካልሆነች ቅናሽ እንዳትሰጪው! ልጅ ተውሰው እንደሚመጡ አውቃለሁ!»

«ወንድሜ፣ ተረጋጋ... አንተ እንዳሰብከው አይደለም» አለኝ ሰውዬው።

«ምኑን ነው የምረጋጋው?» ወደ ልጅቷ ጎንበስ አልኩ። «ሚጢዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

እሱን አየችው... እኔን አየችኝ...

«ሾፌሩ» አለች።

በቃ። ሰልፉ ተናወጠ።

«ከሾፌር ጋር ሆቴል ምን ትሠራለች?» አለች አንዲት እናት የራሷን ልጅ ወደ ጉያዋ እየሳበች።

«ሸሚዙ ላይ ደም አለ!» አለ ጎረምሳው።

«ሰርቋት ነው!»

እኔ የተነሳሁት ስለ ቅናሽ ነበር። በደቂቃ ውስጥ ሰውዬው ልጅ ሌባ ሆኖ አረፈው። «ኧረ ቆዩ፣ እንጠይቀው» አላልኩም። «በለው» ያልኩት ያኔ ነው። ጥበቃው ዱላውን ይዞ የመጣው በእኔ ድምፅ ነው።

ከዱላው በኋላ ጎረምሳው ኮሌታውን ይዞ ጎተተው። አንዱ ወንበር ወረወረበት። ጥርሱ ሲወልቅ አይቻለሁ። እኔም... እኔም ረገጥኩት። ጎኑን። ከጫማዬ ስር የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ።

ሰውዬው አንዴም ለመማታት እጁን አላነሳም። በሁለት ክንዱ ልጅቷን ከእግራችን እየከለለ ነበር።

ያኔ ነው ልጅቷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የጮኸችው።

«አትምቱት! እማዬን ተሸክሟት የሮጠው እሱ ነው!»

ሁሉም ባለበት ቀረ።

እንግዳ ተቀባይዋ ቅድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገራትን፣ በጩኸታችን መሃል የሚሰማት ያጣችውን፣ እያለቀሰች ተናገረች። ሰውዬው የሚኒባስ ሾፌር ነው። የልጅቷ እናት መኪናው ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃ ጭንቅላቷ ተፈነከተ። ተሳፋሪ አውርዶ፣ እሷን ተሸክሞ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ሆስፒታል አደረሳት። ልጅ ከበሽተኛ ጋር ማደር አይፈቀድም ተባለ። አክስቷ ከሩቅ እየመጣች ነው... ለአክስቷና ለልጅቷ ክፍል ሊይዝ ነው የመጣው።

ደሙ የእናትየው ነበር።

«ታዲያ... ቅናሹን ለምን...» አልኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ አፈጠጠችብኝ።

«የምን ቅናሽ? ‹ልጄ ስላልሆነች ቅናሹ አይገባኝም፣ በሙሉ ዋጋ ያዢልኝ› ነው ያለኝ!»

...

ገባችሁ? «አዎ፣ ልጄ ናት» ብሎ ቢዋሽ ኖሮ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። የተቀጠቀጠው እውነት በመናገሩ ነው።

የሚብሰውን ልንገራችሁ... ልጅ ተውሰው እንደሚመጡ እንዴት እንዳወቅሁ የጠየቀኝ የለም።

አምና የእህቴን ልጅ «አባዬ በለኝ» ብዬ አስጠንቼ፣ እዚያው ሆቴል በቅናሽ ያደርኩት እኔ ነኝ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። እናትየው ተርፋለች፣ ተመስገን። ሾፌሩም እዚያው ተኝቷል፣ ፊቱ እስከ ሁለቱ አይኖቹ በፋሻ ተጠቅልሏል። ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ የጠየቀኝ «ልጅቷስ... ክፍል አገኘች?» ብሎ ነው።

«አግኝታለች። እኔ... እኔ ነኝ የጮህኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልፈርድበትም። ግራ አይኑ ከእንግዲህ አያይም ብለዋል ሐኪሞቹ። ሾፌር ነው እኮ... ልጆቹን የሚያበላው መሪ ይዞ ነው።

ፖሊስ ጋ ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ተናግሬያለሁ። የመጣውን እቀበላለሁ።

ወገኖቼ፣ ቅናሹ ለወንደላጤ ፍትሃዊ አይደለም ብዬ ዛሬም መከራከር እችላለሁ። ለሠላሳ በመቶ ፍትህ ብዬ የሰው አይን ማጥፋቴን ግን በምን አፌ ልከራከርበት? ፍትህ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይጠይቅ፣ የራሱንም እጅ ይይ።

እናንተስ... ያን ቀን ሰልፉ ላይ ብትቆሙ፣ «ልጄ አይደለችም» ሲል ብትሰሙት፣ ምን ታደርጉ ነበር? ቆንጆ መልስ አልፈልግም፣ እውነቱን ጻፉልኝ።