ከግቢው መውጣት ያቃተው ተሳቢ ቤት

የፒካፑ ጋቢና የኋላ መስታወት ሊረግፍ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶታል...

ሆሊስ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ።

ከኋላው ያሰረው ተሳቢ ቤት ጥግ ጋቢናውን ሊሳለመው ደርሷል። መሪውን ትንሽ ቢጨምር መስታወቱ ዱቄት ነው።

እንደገና ወደ ኋላ... እንደገና ወደዚያው ወደቆመበት ቦታ።

የልጁ ሚስት ማርላ ክንዷን አጣምራ ከወጥ ቤቱ መስኮት ታየዋለች። አልሳቀችም። አላዘነችለትምም። መጋረጃውን ሳበችው።

«ደስ ይበልሽ» አለ ሆሊስ በሆዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሆሊስ ሚስቱ ስትሞት ቤቱን ሸጦ ይህን በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤት ገዛ። ሐሳቡ ብርዱ ሲመጣ ኦክላሆማን ጥሎ አሪዞና በረሃ መውረድ ነበር። ጡረተኛው ሁሉ ቤቱን እየጎተተ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ኢሞጂን የምትባል ሴትም እዚያ አለች... ከጎኗ ያለውን ቦታ ለእሱ ይዛ የምትጠብቅ።

ልጁ ጋሬት ግን የሚጎትተውን መኪና እኔ ልፈልግልህ፣ እስከዚያ ቤቱን እኔ ግቢ አቁመው አለው።

የመጣው ፒካፕ የጭነት መያዣው አጭር ነው። መያዣው ሲያጥር ተሳቢው የሚታሰርበት ጋንቾ ለጋቢናው ይጠጋል፤ ጠበቅ አድርገህ ከታጠፍክ የተሳቢው ጥግ መስታወቱን ይመታል።

መፍትሔው ተንሸራታች ጋንቾ ነው። ከመታጠፍህ በፊት እጀታውን ስበህ ወደ ኋላ ታንሸራትተዋለህ፤ ታጥፈህ ስትጨርስ ትመልሰዋለህ።

በሆሊስ መኪና ላይ የተገጠመው ግን ንቅንቅ የማይለው ነው። የግቢው መውጫ ደግሞ በጎተራውና በውሃ ታንከሩ መሃል ጠምዘዝ ይላል።

ተንሸራታቹን እንግዛ ሲለው ጋሬት «አባዬ፣ ጋንቾው የሚቀመጥበት የዚህ መኪና ሐዲድ ተንሸራታች አይቀበልም» ብሎ ቆረጠው።

ሆሊስ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። በገመድ ለክቶ ተሳቢው እንደማይታጠፍ አረጋገጠ።

ልጁን ግን አልለካውም...

ጋሬት የነዳጅ ቁፋሮ ላይ ስለሚሠራ ለሳምንታት ይጠፋል። የልጁን ጥጃዎች የሚያበላው ሆሊስ ነው። ልሂድ ባለ ቁጥር ልጁ በስልክ «ማርላ ብቻዬን አልችልም ብላ ታለቅሳለች፣ እባክህ አትተዋት» ይለዋል።

ሆሊስም አንድ ነገር ገባው። ይቺ ሰላምታ እንኳ የምትነፍገው ሴት ነፃ እረኛ አግኝታለች!

አንድ የብርድ ወቅት አለፈ። ሁለተኛው መጣ። ኢሞጂን ደወለች። «ጢሙን ቀለም የሚቀባ አንድ ሽማግሌ ወንበሩን በየቀኑ ወደ እኔ እያስጠጋ ነው፣ ከዘንድሮ በላይ ቦታህን አልይዝልህም» ብላ ሳቀች።

ሆሊስ አልሳቀም።

ለዚህ ነው ዛሬም እንደገና የሞከረው... ለዚህ ነው አሁን የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት የሚያየው።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ማርላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ትርኢት ለማን ነው?»

«የምን ትርኢት?»

«ተንሸራታቹን አስነቅለው ይሄን ድርቅ ያለ ነገር ያስገጠሙት እርስዎ አይደሉ? መቅረት ከፈለጉ መቅረት ነው። በየሳምንቱ ሞተር ማስነሳቱ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ ያስነቀልኩት?»

ማርላ አየችው... ፊቷ ተለወጠ። ወደ ጎተራው ሄደች። ተከተላት።

ከመኖ ጆንያዎቹ ጀርባ የነበረውን ሸራ ገለጠችው።

ተንሸራታች ጋንቾ! ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣው። ጋሬት በገዛ እጁ ነቅሎ ያስቀመጠው። ሆሊስ የጋንቾውን እግሮች በገመዱ ለካ... ከሐዲዱ ጋር ልክክ።

ጋሬት ሚስቱን ምን እንዳላት ሆሊስ ያኔ ሰማ። «አባዬ ብቻውን መንገድ መውጣት ፈርቷል፣ ጋንቾውን ንቀልልኝ ብሎኛል፣ እንዳያፍር አደራ እንዳትነግሪው።»

ማርላ አማሪሎ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝታ ነበር። ጋሬት አባቴን ለማን ጥለን ብሎ አስቀራት። ዘንድሮም ጠርተዋት መልስ አልሰጠችም።

«እኔ እኮ እርስዎ ያሰሩኝ መስሎኝ ነው» አለች።

«እኔም አንቺ ያሰርሽኝ...»

ሆሊስ የትራክተሩን ቁልፍ ጠየቃት።

የማይንቀሳቀሰውን ነቀሉት። ተንሸራታቹን በትራክተር አንስተው ሐዲዱ ላይ አሳረፉት። ተሳቢውን መልሰው አሰሩ፣ ጋንቾውን ወደ ኋላ አንሸራተቱ። ማርላ ታንከሩ አጠገብ ቆማ፣ የተሳቢ ቤት ነጂዎች ሚስቶች ለባሎቻቸው እንደሚያደርጉት፣ በእጇ ምልክት መራችው። ወደ ግራ... ቀስ... ና... ና...

ታጠፈ!

በመስታወቱና በተሳቢው መሃል ሰው ያሳልፋል።

ሆሊስ አውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ ጋንቾውን ወደ ቦታው ሲመልስ ማርላ ሻንጣ ይዛ ደረሰች።

«አባባ፣ አማሪሎ መንገድዎ ላይ ናት አይደል?»

በሩን ከፈተላት።

ከዚያ ለልጁ ደወለ። ጥጃዎቹ የዛሬን በልተዋል፣ የነገው ያንተ ተራ ነው፣ እኛ ወጥተናል አለው።



ጋሬት አባቱን ደህና ነህ ወይ አላለውም። ሚስቴ የት ናት አላለም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባዬ... በምን ታጠፍክ?»

ሆሊስ ስልኩን ዘጋው።

ወዳጆቼ... በሁለት ሰዎች መሃል ቆሞ ለሁለቱም የሚዋሽ ሰው ዘበኛ መቅጠር አያስፈልገውም። እስረኞቹ አንዱ ሌላውን ይጠብቁለታል። «እሱ እንዲህ አለሽ»፣ «እሷ እንዲህ አለችህ» ሲሏችሁ አለ የተባለውን ሰው ራሱን ሄዳችሁ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃው። የበደላችሁ ሰው አንድ ቀን ይቅርታ ይጠይቃችሁ ይሆናል፤ የበላባችሁን ዓመታት ግን አይመልስም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ሆሊስን ብትሆኑ ለልጃችሁ ጥያቄ ምን ትመልሱለት ነበር? ወይስ እናንተም ስልኩን ትዘጉት ነበር? ኮሜንት ላይ አንብቤ ልማርበት።