ሲስተም የለም

«ሲስተሙ አይቋረጥም ብለሽ ጻፊና እንገላገል» ይላል ቶሎ ቶሎ የሚሉት ፕሮግራመር።

ቡድን መሪዋ ማርከር ይዛ ነጩ ሰሌዳ ፊት ቆማለች። ሰሌዳው ላይ «የዓመቱ ግባችን» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ስብሰባውን የጠራችው የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫው ሲስተም ፈጣንና አስተማማኝ እንዲሆን ግብ ለማውጣት ነበር። እስካሁን የተስማሙት ግን ማራገቢያው ይብራ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

«አይሆንም» ትላለች ሞካሪዋ። እንጀራዋ ሌሎች የሠሩትን ፕሮግራም እየነካካች ስህተት ማውጣት ስለሆነ ከአፏ ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ቃል ነው፤ ቢሮው ውስጥ የሚጠሯትም «አይሆንም» እያሉ ነው። «የማይቋረጥ ነገር የለም። የሰው ትንፋሽ እንኳ ይቋረጣል።»

«እሺ፣ ብዙ አይቋረጥም።»

«ብዙ ማለት ስንት ነው?»

«እንደ አምናው በይዋ! አምና የሠራነውን ግብ ብለን ከጻፍን ከወዲሁ አሳካነው ማለት ነው።» ፕሮግራመሩን ቶሎ ቶሎ ያሰኘው ንግግሩ እንጂ ሥራው አይደለም።

መሪዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስክሪን ታያለች። የሲስተሙን ጤንነት የሚያሳይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለብሷል። «አሁን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ሳናውቅ የት እንደምናደርሰው በምን እንወስናለን? የፍጥነቱን ሪፖርት አምጣ ብዬህ አልነበር?»

«እየወጣ ነው» ይላል ቶሎ ቶሎ ደረቱን ነፍቶ። «ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነው።»

የመሪዋ ስልክ ይጮኻል። እናቷ ናቸው። በአንድ እጇ ማርከር፣ በሌላው ወረቀት ይዛለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በድምፅ ማጉያ ታነሳዋለች።

«ልጄ፣ ሲስተም የለም ይሉኛል!»

ሦስቱም ቀና ብለው አረንጓዴውን ስክሪን ያያሉ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«መናኸሪያ ነኛ፣ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ! እህቴ ጋ ልሄድ። የሰልፉ ጅራት አይታይም፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሞተሩን አስነስቷል።»

መሪዋ ማርከሩን ታስቀምጣለች። እናቷ «እህቴ» ሲሉ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። እህትማማቾቹ ከአያቷ በቀረ አንድ ቁም ሳጥን ተኳርፈው፣ ቁም ሳጥኑን ብል በልቶ ሲጨርሰው ኩርፊያውን ግን የነካው የለም። እናቷን ታውቃቸዋለች፤ ዛሬ ከመናኸሪያ ከተመለሱ ነገ ልባቸው ይደነድናል።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«እዚህ ደግሞ የሰዉ ዓይን ቀልቷል!» ከዚያ ድምፃቸው ወደ ሰልፉ ይዞራል። «አይዟችሁ! ሲስተሙን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት! ይኸው፣ ስልክ ላይ ናት!»

«ኧረ እማዬ፣ አትንገሪያቸው!»

ምን ያደርጋል፣ አንዴ ተናግረዋል። ጉምጉምታው እንደ ንብ መንጋ ስልኩን ይሞላዋል። «እስቲ ይስጡኝ፣ እኔ ላናግራት» ይላል አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ተራህን ጠብቅ፣ ወንድሜ። ለልጄም ሰልፍ አለ።»

«እማዬ፣ ስልኩን ለትኬት ቆራጯ ስጫት!»

ትኬት ቆራጯ የደከመው ድምፅ አላት። «ተዘግቶ አይደለም እህቴ። ስም እጽፋለሁ፣ እሺ የሚለውን እጫናለሁ፣ ከዚያ ይዞራል። ይዞራል። አሁንስ የእኔንም ራስ አዞረው።»

ሞካሪዋ አይሆንም ላፕቶፗን ስባ መነካካት ከጀመረች ቆይታለች። «ሰርቨሩ በሕይወት አለ፤ አረንጓዴ የሚያሳየን ለዚያ ነው። ግን ሌላ ሥራ ጠፍንጎ ይዞታል፤ ለትኬት ፋታ የለውም።» ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቶሎ ቶሎ ትዞራለች። «ያንተ ሪፖርት ነው።»

«የቱ ሪፖርት?»

«ሲስተሙ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ የሚለካው።»

ቶሎ ቶሎ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ይስባል። «ሊያልቅ እኮ ትንሽ ነው የቀረው...»

«አቁመው!» ይላሉ ሁለቱ ሴቶች እኩል።

«አቁም ተብለሃል!» ይላሉ ከስልኩ ውስጥ እናት፤ ምን እንደሚቆም አያውቁም።

ቶሎ ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ስሙ ይሆናል። ጣቱ ከቁልፉ ሳይነሳ ከወዲያ ማዶ የትኬት ማተሚያው ጥርር ሲል ይሰማል፤ ተከትሎ የሰልፈኛው እልልታ። «ወጣ! ልጄ፣ ወጣልኝ! አንተ ሾፌር፣ ቁም! ቁም እንጂ!» ኮቴ፣ ቁና ቁና ትንፋሽ፣ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ አንሄድም» የሚል የረዳቱ ድምፅ፣ የሚዘጋ የአውቶቡስ በር።

መሪዋ ማርከሩን አንስታ ወደ ሰሌዳው ትመለስና ትጽፋለች፦ «መስኮቱ ጋ የደረሰ ሰው ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቅ ትኬቱን ይቀበላል።» ከሥሩ፦ «ስክሪናችን አረንጓዴ የሚሆነው ሰርቨሩ ስላለ ሳይሆን ትኬት ሲወጣ ነው።» ከዚያም ቶሎ ቶሎን እያየች፦ «በሥራ ሰዓት ሪፖርት አይወጣም።»

«የመጀመሪያው በምን ይለካል? በእናትሽ?» ይላል ቶሎ ቶሎ።

አይሆንም ተነስታ ማርከሩን ትቀበላትና «በሦስት ሰከንድ ውስጥ» የሚል ትጨምርበታለች። የሚከራከር የለም።

ያን ጊዜ ነው ስልኩ እንዳልተዘጋ የሚያስተውሉት። እናት ቦርሳቸው ውስጥ ከተውት ረስተውታል። ከሞተሩ ድምፅ ሥር ለእህታቸው የሚሉትን ለራሳቸው ይለማመዳሉ፤ ሰልፉን ሲያዝዝ የነበረው ድምፅ አይደለም።

«ደህና ነሽ ወይ... አይ፣ ይኼ የጎረቤት ሰላምታ ነው።» እንደገና ይጀምራሉ። «የመጣሁት... ኤዲያ፣ ይኼስ ክስ ነው።» ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ።»

መሪዋ ስልኩን ልትዘጋ የዘረጋችው ጣት አየር ላይ ይቀራል።

ከኮሪደሩ የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ቶሎ ቶሎ ከወንበሩ ተነስቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ፣ የስብሰባውን ክፍል በር ቀስ አድርጎ ይገጥመዋል።