የአጥሩ ተቆጣጣሪ

መሀል ከተማ ሃያ ፎቅ ሊሠራ ነው፤ ቦታው ላይ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ቤት ግን አይፈርስም። ሕዝቡን በዚህ ማሳመን የፕሮጀክቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሥራ ነበር። ሴትዮዋ ሬዲዮ ላይ ቀርባ ተናገረች፣ በራሪ ወረቀት በተነች፣ አጥሩ ላይ «አሮጌውን ጠብቀን አዲሱን እንገነባለን» የሚል ሰሌዳ አሰቀለች። የሚያምናት ግን ጠፋ። እንዲህ እየተባለ የስንቱ ቤት ደብዛ ጠፍቷል።

ከማያምኑት ሁሉ የጸኑት አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ነበሩ። በየጠዋቱ ይመጡና የአጥሩ ቆርቆሮ የላላበት ቦታ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ሠራተኞቹ «ተቆጣጣሪዋ» የሚል ስም አወጡላቸው። «ተቆጣጣሪዋ ሳይፈቅዱ ሲሚንቶ እንዳታቦካ» እየተባባሉ ይስቃሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የድንጋይ ቤቱ ምድር ቤት ወለል ተፈነቃቅሎ ተገኘ። ንጣፍ ድንጋዮቹ ተነቅለው አንድ ጥግ ተደርድረዋል። የጎደለ ዕቃ የለም። ኃላፊዋ የግንባታውን ፎርማን ጠረጠረች። ይህ ቤት ሥራ አጓተተብኝ እያለ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

«መሠረቱን አናግተህ፣ በራሱ ጊዜ ወደቀ ልትል ነው?» አለችው።

«ቤቱን አልወደውም፤ እሱን አልክድም» አለ ፎርማኑ። «ግን እሁድ ከልጆቼ ጋር ነበርኩ። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

አልተዋጠላትም። ይልቅ ለቤቱ የሚቆረቆር ምስክር ያስፈልገኛል ብላ ወደ አጥሩ ወጣች።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ኖረው ያውቃሉ?»

«እኔ እንኳን አልኖርኩም። ልጄ ነው የነበረው። እዚህ በር ድረስ ሸኝቼዋለሁ።»

«በአብዮቱ ጊዜ፣ የመንግሥት ቢሮ ሳለ?»

«አዎ፣ ያኔ።»

ኃላፊዋ ደስ አላት። የቀድሞ ሠራተኛ እናት ማለት ለጋዜጠኛ ትልቅ ነገር ነው። እጃቸውን ያዘች። ጣቶቻቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«ምድር ቤቱንስ ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«እሱን አያስቡ። ነገ ወለሉ ላይ ኮንክሪት እንሞላበታለን። ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ አይነቅለውም።»

የአሮጊቷ እንባ በጉንጫቸው ወረደ። ኃላፊዋ እጃቸውን ጨበጥ አደረገች። ከዚህ ሁሉ ወር ልፋት በኋላ አንድ ሰው አመናት።

«ነገ ጋዜጠኞች ጠርቻለሁ፤ እርስዎም ይምጡ። ራስዎ ገብተው ያያሉ፤ ለጋዜጠኞቹም ሁለት ቃል ይናገሩልናል» አለቻቸው።

በማግስቱ የኮንክሪቱ መኪና ግቢ ውስጥ ሲያጓራ ጋዜጠኞቹ ምድር ቤቱን ሞሉት። ፎርማኑ በሩ ላይ ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። ኃላፊዋ አሮጊቷን ክንዳቸውን ደግፋ ደረጃውን አወረደቻቸውና መሀል ላይ አቆመቻቸው።

«እኚህ እናት ይህ ቤት እንዳይፈርስ ዝናብና ፀሐይ ሳይበግራቸው አጥራችን ሥር ቆመው ጠብቀዋል» አለች። «እስቲ እማማ፣ የሚሰማዎትን ይንገሩን።»

አሮጊቷ ማይክሮፎኑን አልተቀበሉም። ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተንበረከኩና መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አኖሩ።

«ሲሚንቶውን ትንሽ አቆዩልኝ» አሉ። «ልጄን ገና አላወጣሁትም።»