ንፋስ የሌለበት ሜዳ

ላባዋ ኳስ አሁንም በግራ በኩል ወጣች። ከመስመሩ አንድ ስንዝር አትርቅም፣ ግን ወጣች። የመጀመሪያውን ዙር ለኡጋንዳዊቷ ተጋጣሚዬ ያስረከብኩት እንዲሁ አንድ በአንድ በግራ እያስወጣሁ ነው። ያውም እዚሁ አርባ ምንጭ፣ በገዛ አገሬ፣ በዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ባድሚንተን ሻምፒዮና ላይ። ንድድ አልኩ።

አሰልጣኜ ባፈና በእረፍቱ ጠጋ ብሎ፣ "ወርቂቱ፣ እዚህ እኮ ንፋስ የለም" አለኝ።

መቼ ጠፋኝ። ባደግኩበት መንደር በጫኖ፣ ሙዝ ማሳው አጠገብ ባለችው ሜዳችን ከሰዓት በኋላ ከአባያ ሐይቅ በኩል ንፋስ ይነሣል፤ ኳሷን ከግራ ወደ ቀኝ ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ እኛ የጫኖ ልጆች ሁልጊዜ ወደ ግራ አስበልጠን ነው የምንመታው። ጭንቅላቴ ንፋስ እንደሌለ ያውቃል። አልሰማ ያለው እጄ ነው።

ሜዳ ተቀያይረን ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ይህንንም ከተሸነፍኩ አለቀልኝ። የዛሬ ዓመት ከታዳጊነት ዕድሜ እወጣለሁ፤ ሌላ ዕድል የለኝም። ይኸው ደግሞ እየተመራሁ ነው።

አዳራሹ ይፋጃል። ላባዋ በትንሽ ንፋስ ስለምትናወጥ መስኮቱም በሩም ተዘግቷል፤ ተመልካቹ በነጠላውም በባርኔጣውም ያራግባል። እናቴ አገርነሽ አላስቻላትም። ልጄ በላብ አለቀች ብላ ተነሥታ በግራዬ ያለውን ትልቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ እንዳይዘጋም በጀርባዋ ተደግፋው ቆመች። እሷ ከባድሚንተን የምታውቀው እኔን ብቻ ነው።

ንፋሱ ገባ። የኔው ንፋስ፣ የጫኖው። በግራ ወጣች ያልኳት ኳስ ታጥፋ መስመር ውስጥ አረፈች። ቀጣይዋም እንዲሁ። ኡጋንዳዊቷ የምትይዝ የምትጨብጠው ጠፋት፤ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ነጥብ በነጥብ ደርሼባት አለፍኳት፤ ሃያ ለአስራ ዘጠኝ። ዙሩን ለመውሰድ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረኝ።

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ እኔ። ላቧን ጠርጋ ቦታዋን ያዘች። ውስጤን አቃጠለችኝ። ለዳኛው ብትከስሰኝ ይሻለኝ ነበር። "ንፋስ ነው ያሸነፈላት" ልባል ነው። ደግሞስ በሚቀጥለው ጨዋታ በር የሚከፍትልኝ ማን ነው?

ኳሷን እንደያዝኩ ወደ እናቴ ዞርኩ።

"እማዬ፣ በሩን ዝጊልኝ።"

ጆሮዋን አላመነችም። ደገምኩላት። ባፈና ራሱን ያዘ፤ ከኋላ አንዱ አብዳለች አለ። እናቴ ግራ እንደገባት በሩን ገፋችው፤ ሙቀቱም ተመለሰ።

ሰርቭ አደረግኩ። መታች፣ መለስኩ፤ መታሁ፣ መለሰች። በመጨረሻ ላባዋ ከፍ ብላ መጣችልኝ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሊሄድብኝ ሲል ጥርሴን ነከስኩና ቀጥ አድርጌ፣ መስመሩን ራሱን አይቼ መታሁ።

ኡጋንዳዊቷ ራኬቷን ዝቅ አደረገች። እንደ ሌሎቹ ትወጣለች ብላ ተወቻት። ላባዋ ነጩ መስመር ላይ አርፋ ቀረች፤ መስመር የነካች ደግሞ እንደገባች ነው የምትቆጠረው፤ ሁለታችንም ቆመን አየናት።

ባፈና ሊያቅፈኝ እየሮጠ መጣ። ከእጁ ውሃውን ብቻ ተቀበልኩት፤ አሸናፊዋን የሚለየው ሦስተኛው ዙር ገና አልተጀመረም።