ቁጥር ያልተጠራበት ልደት

ነሐሴ 2071 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚልኪያስ፣ ታናሽ እህቱ ኤፍራታና እናታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ሐዋሳ በሚገኘው ቤታቸው ኬክ ከበው ተቀምጠዋል። ዕለቱ የሚልኪያስ የኮሌጅ ሒሳብ ምደባ ፈተና የመጨረሻ ቀን ነው። ፈተናው በእጁ አንጓ ላይ የታሰረች አምባር ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታዳምጠው ሰንብታለች። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቁጥር ከጠራ እንደ እርዳታ ይቆጠርና ተፈታኙ ከጀማሪዎች ክፍል ይመደባል። የሚልኪያስ ምኞት ደግሞ ድልድይ መሥራት ነው፤ ያ ትምህርት ያለው በላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘርፌ ሰዓት ስትጠየቅ እንኳ ወደ ፀሐይ እየጠቆመች ሰንብታለች።

ኤፍራታ ሻማዎቿን አይታ አፏን በእጇ አፈነች።

«እማዬ፣ መቼ ልናገር?»

«ነገ ትናገሪያለሽ የኔ ቆንጆ። አሁን እፍ በይ።»

«ነገማ ልደቴ አይደለም።»

ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ ሚልኪያስ አያት። አንጀቱን በላችው።

«አንቺ ሚጢጢ፣ ስንት ዓመት ሞላሽ?»

«ሚልኪ! አብደሃል?» አለች እናቱ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት። ስንት?»

«ሰባት!» ኤፍራታ ወንበሩ ላይ ወጥታ ዘለለች። «ሰባት! ሰባት! ሰባት!»

የሚልኪያስ አምባር ቀይ አበራች።

ጥቅምት ላይ ኮሌጁ ሲከፈት ሚልኪያስ ከጀማሪዎች ክፍል ገብቶ መደመርና መቀነስ ተማረ።